ወተት የጠጣው ሶፋ

ሐምሌ ገብቶ የዋሽንግተን ወበቅ ቤቱን ሲያፍነው፣ ቤዝመንታችን ውስጥ ያለው ቡናማ ሶፋ መሽተት ይጀምራል። የኮመጠጠ ወተት ሽታ ነው። ባለቤቴ ምንም አይሸተኝም ይላል፤ ይሽተተውም አይሽተተውም ግን እንዲጣል ይፈልጋል። ቆዳው ተላልጧል፣ አንደኛው ጎኑ ሰርጉዷል፣ ሰው ከላዩ ሲነሳ ደግሞ ወገቡን እንደሚያመው ሽማግሌ ያቃስታል። ባለፈው ቅዳሜማ ወንድሜን ጠርቶ ሊያስወጣው ነበር፤ እሱን ኋላ እነግራችኋለሁ። ዛሬ ልብስ ሳጣጥፍ ተቀመጥኩበትና ሽታው መጣ። ልብሱን ጭኔ ላይ እንደያዝኩ ቀረሁ።

ወተቱ የወንድሜ ነው። ያኔ አሌክሳንድሪያ፣ ላንድማርክ አካባቢ ካሉት ረጃጅም አፓርታማዎች በአንዱ ውስጥ እንኖር ነበር፤ እኔ ዘጠኝ ዓመቴ፣ እሱ አምስት። አባቴ ሌሊት ታክሲ ይነዳል፣ እናቴ ቀን ሆቴል ውስጥ ክፍል ታጸዳለች። አንዱ ሲገባ ሌላው ስለሚወጣ ሁለቱን አንድ ላይ የምናያቸው ጠዋት፣ ሶፋው ላይ ተቀምጠን ሲሪያል ስንበላ ብቻ ነበር። እናቴ ዩኒፎርሟን ለብሳ ፀጉሯን ታስይዛለች። ከፓርኪንግ ሎቱ ማዶ የምትወጣው ፀሐይ በመጋረጃው ሥር ሾልካ ምንጣፉ ላይ ትዘረጋለች። የአሳንሰሩ ደወል ይሰማል፣ ቀጥሎ ኮሪደሩ ላይ የቁልፍ መንቀጫቀጭ፣ ቀጥሎ አባቴ፤ የመኪና ሽቶና የነዳጅ ማደያ ቡና እየሸተተ።

አባቴ ሕግ የሚያበዛ ሰው አልነበረም። አንድ ሕግ ብቻ ነበረው፤ ትልቅ ሰው ሲገባ ብድግ ተብሎ "ኖር" ይባላል። የገባው ደግሞ "በእግዜር" ብሎ የተነሱለትን ያስቀምጣል። እሱ አባቱ ሲገቡ እንዲህ እየተነሳ ነው ያደገው፤ እኛም ይህቺን ብቻ እንድንይዝለት ፈለገ። ሌሊቱን ሙሉ ማጅራቱን እንጂ ፊቱን የማያዩ ሰዎች ሲያመላልስ አድሮ ለሚመጣ ሰው፣ ገና በሩ ሲከፈት ልጆቹ ሲነሱለት ምን እንደሚሰማው ያኔ አልገባኝም ነበር። የማውቀው በተነሳንለት ቁጥር ፊቱ እንደሚፈታ ነው።

ወንድሜ ታዲያ ሕጉን ከአባቴም በላይ አጠበቀው። ገና ቁልፉ ሲንቀጫቀጭ ሳህኑን እንደያዘ ይዘላል፤ "ኖር" ሲል ወተቱ ሶፋው ላይ ነው። በየጠዋቱ። እናቴ ፎጣ እያነሳች ሳህኑን አስቀምጦ እንዲነሳ ትለምነዋለች፤ እሱ ግን ሳህን እስኪያስቀምጥ አባቱ በር ላይ ቆሞ መጠበቁ አይዋጥለትም። አባቴ "በእግዜር፣ በእግዜር ጌታዬ" እያለ ይስቃል። እናቴ ሥራ እየረፈደባት ሶፋውን ስትፈትግ፣ ከባልና ከልጅ የቱ እንደሚብስ ራሷን ትጠይቃለች።

ችግሩ ለማን ተነስቶ ለማን እንደሚተው የነገረው ሰው አለመኖሩ ነው። ቧንቧ ሊጠግን ለመጣው ሰው ተነሳ፣ ፒዛ ላመጣው ጎረምሳ ተነሳ፣ ቴሌቪዥን ላይ ዜና አንባቢው ብቅ ሲልም ተነሳ። አውቶቡስ ላይ በየፌርማታው ሰው በገባ ቁጥር ብድግ ቁጭ ሲል፣ ሾፌሩ በማይክሮፎን "ያ ትንሹ ልጅ ይቀመጥ" አለበት። አንድ ቀን ሎንደሪ ክፍል ውስጥ የልብሱ ቅርጫት ላይ ተቀምጦ ሳለ፣ አፉ ዙሪያ የሸበተ የጎረቤት ውሻ እየተንፏቀቀ ገባ። ወንድሜ ተነሳለት። ውሻ እኮ ነው ስለው፣ "ባት ሂ ኢዝ ሶ ኦልድ" ብሎ ዝም አሰኘኝ። አባቴ ይህን ኤርፖርት ሰልፍ ይዘው ተራ ለሚጠብቁት ታክሲ ነጂዎች ሁሉ አውርቶላቸው ነበር። ወንድሜ ከዚያ ወዲህ በስሙ ሳይሆን "ለውሻ የተነሳው" ተብሎ ነው የሚጠራው።

ሳቁ ያበቃው ወንድሜ ኪንደርጋርተን የገባ ዓመት ነው። አስተማሪዋ ቤት ኮል አደረገች። ወንድሜ ክፍል ውስጥ አይቀመጥም፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር ይነሳል፣ ጽዳት ሠራተኛው ሲገባ፣ ምሳ የምታድለው ሴትዮ ስትገባ። ይባስ ብሎ ሌሎቹም ልጆች አብረውት መነሳት ጀምረዋል። ወላጆቹ ይምጡልን አለች።

እኔን የሚይዘኝ ሰው ስለሌለ አብሬ ሄድኩ። አባቴ ከሥራ እንደገባ ሳይተኛ ያለችውን አንድ ሱፍ ለበሰ፤ እናቴ ከሆቴሉ ግማሽ ቀን አስፈቀደች። ክፍሉ ቀለምና እርጥብ ወረቀት ይሸታል። የነበረው ወንበር የልጆች ብቻ ስለሆነ አራታችንም እነዚያ ላይ ተደርድረን ተቀመጥን፤ የአባቴ ጉልበት አገጩ ጋ ደርሷል። አስተማሪዋ የወንድሜን ጠባይ እያስረዳች ሳለ በሩ ተከፈተና የልጆች ባለሙያ የተባለች ሴትዮ ገባች። አራታችንም እኩል ብድግ አልን። አባቴማ ወንበሯ ከኋላው ተሰክታ አብራው ተነሳች። አትሳቁብን፤ እኔ ራሴ ያኔ ከንፈሬን ነክሼ ነው የቆምኩት። ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። እናቴ ወንበሯን ከአባቴ ላይ በሁለት እጇ ስትነቅል አባቴ ጆሮው እስኪቀላ ድረስ አፈረ።

ከዚያ በኋላ በእንግሊዝኛው ቀስ ብሎ አስረዳቸው። በሽታ አይደለም፣ አክብሮት ነው አላቸው። ባለሙያዋ ደግ ሴት ነበረች፤ አክብሮት ደስ እንደሚላት ነገረችው። ግን ልጁ መቀመጥ ካልቻለ መማር አይችልም። በዚሁ ከቀጠለ ይመረመራል፤ ምናልባትም መቀመጥ የማይችሉ ልጆች ወዳሉበት ሌላ ክፍል ይዛወራል። ወንድሜ ይህ ሁሉ ሲባል እጁን ጭኑ ላይ አጣጥፎ፣ ከማናችንም በላይ ደህና አድርጎ ተቀምጦ ነበር።

መኪና ውስጥ እናቴ አለቀሰች። ልጄን ለይተው ሊያስቀምጡብኝ ነው፣ ጤነኛውን ልጄን፣ እያለች። አባቴ መሪውን ይዞ ወደፊት ብቻ ያያል።

"አንተ ነህ ያስለመድከው፣ አንተው አስተወው" አለችው።

"ክፍል ውስጥ ብቻ ቢተው" አለ አባቴ።

"አምስት ዓመቱ ነው። ውሻና ሰው ያልለየ ልጅ፣ ክፍልና ቤት ይለያል?"



በማግስቱ ጠዋት የአሳንሰሩ ደወል ተሰማ። ቁልፉ እንደ ሌላው ቀን አልተንቀጫቀጨም፤ በእጁ ጨብጦት ነበር የመጣው። ወንድሜ ግን እርምጃውን ያውቃል። በሩ ሲከፈት ሳህኑን እንደያዘ ሊነሳ ሲል፣ አባቴ ጫማውን ሳያወልቅ ፈጥኖ መጥቶ መዳፉን ትከሻው ላይ አሳረፈና ቀስ አድርጎ መልሶ አስቀመጠው።

"ተቀመጥ ልጄ። ከዛሬ ጀምሮ ለማንም አትነሳም።"

"ኢቭን ዩ?" አለው ወንድሜ።

 አባቴ እጁ ወንድሜ ትከሻ ላይ እንዳለ ወደ እናቴ ቀና አለ። እናቴ መስኮቱ ጋ ሄዳ መጋረጃውን ታስተካክል ጀመር።

"ለእኔም" አለ።

ያን ቀን ሶፋው ላይ አንዲት ጠብታ ወተት አልፈሰሰም። ወንድሜ ሲሪያሉን ጨርሶ ሳህኑን ራሱ ወሰደ፤ እናቴ ሳመችው። ትምህርት ቤት ነገሩ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ተረሳ፣ ባለሙያዋም ሁለተኛ አልጠራችንም። እኔም ትንሹ የተወውን ትልቋ ብቻዬን መቀጠሉ ስላልታየኝ ተቀመጥኩ። አባቴ ከሥራ ሲገባ ዓይናችን ካርቱን ላይ ነው። አንዳንድ ጠዋት በሩን ከፍቶ ትንሽ ቆም ይልና፣ ቁልፉን አንዴ ያንቀጫቅጨዋል። ከዚያ ቁልፉን ሚስማሩ ላይ ሰቅሎ ወደ መኝታ ቤት ያልፋል። ያ ድምፅ እስከ ዛሬ ያመኛል። ነገሩን የጎዳው አንድም ክፉ ሰው አልነበረም፤ ለዚህ ይሆናል ማንንም መቀየም ያቃተኝ።

ዓመታት ሄዱ። ወንድሜ ከበሩ የሚስተካከል ጎረምሳ ሆነ፣ አማርኛውን እየተወ በእንግሊዝኛ የሚመልስ፣ ሰው ሲገባ ከስልኩ ቀና የማይል። አባቴ አንድም ቀን አልተናገረውም። "ተቀመጥ" ያልኩት እኔ ነኝ ይል ይመስለኛል በሆዱ።

አባቴን ግማሽ ጎኑን ከመታው በኋላ፣ እናቴ ገና ሥራ ስላላቆመች ቀን ቀን እኔ ጋ ይውል ነበር። ሲልቨር ስፕሪንግ ይህን ቤት ስንገዛ ከላንድማርክ ያስጫንኩት ሶፋ ላይ ነበር የሚቀመጠው፤ የሰረጎደው ጎን የእሱ ነው። አምና በዚሁ በሐምሌ ወንድሜ ሁለት ዓመት ያልሞላት ልጁን ታቅፎ ሊጠይቀው መጣ። የቤዝመንቱን ደረጃ ሲወርድ ቁልፉ እጁ ላይ ይንቀጫቀጫል። አባቴ አንገቱን አቀና። ደህናውን እጁን ሶፋው ክንድ ላይ ተክሎ መነሳት ጀመረ። ሶፋው አቃሰተ።

"ኖር" አለ አባቴ፣ በዚያ በተሳሰረ አፉ።

ወንድሜ ደረጃው ሥር ቆሞ ቀረ። ቃሏን ያውቃታል። መልሷ ግን ያኔም የአባታችን ድርሻ ስለነበረች እሱ አፍ ገብታ አታውቅም። እኔን አየኝ፣ አባቴን አየ። አባቴ በአንድ እጁ ተደግፎ፣ ተነስቶም ሳይነሳ፣ እየተንቀጠቀጠ ይጠብቃል። ልንገረው ብዬ አፌን ስከፍት ወንድሜ ልጅቷን መሬት አውርዶ ተራምዶ ደርሶ ነበር። እጁን አባቴ ትከሻ ላይ አሳረፈ።

"ተቀመጥ ዳዲ። ኢትስ ኦኬ። አትነሳ።"

አባቴ ተቀመጠ። ትንሽ ጊዜ ዓይኑን ከወንድሜ ፊት አላነሳም። ከዚያ ልጅቷን እንዲያቀርቡለት እጁን ዘረጋ፣ ስለ ሌላ ነገር ተወራ። ከገና በኋላ አረፈ።

ባለፈው ቅዳሜ ባለቤቴ ሶፋውን ሊያወጣ ወንድሜን የጠራው ይህን ሳያውቅ ነው። ወንድሜ እጅጌውን ሰብስቦ አንደኛውን ጫፍ ሊያነሳ ጎንበስ እንዳለ ሽታው ደረሰው።

"ስቲል? እስካሁን ይሸታል?" አለኝ።

አንተ ያፈሰስከው ነው አልኩት። ሳቀና ተቀመጠበት፤ ከሰረጎደው ጎን ራቅ ብሎ። ባለቤቴ ውኃ ላምጣ ብሎ ወደ ላይ ወጣ። ወንድሜ ወደ ሰረጎደው ጎን ዞር አለ።

"ያን ቀን ዳዲ ኖር ሲለኝ፣ ምን ነበር ማለት የነበረብኝ?"

"በእግዜር" አልኩት። "በእግዜር፣ ተቀመጥ። ነው የሚባለው።"

አንዴ ለራሱ በከንፈሩ ሞከራት። ሁለተኛ ሞከራት። ከዚያ ተነስቶ ቆመ፣ ፊቱን ወደ ባዶው ጎን አዞረ።

"በእግዜር ዳዲ" አለ። "ተቀመጥ።"