የጀሶው ምስክርነት

በሀዋሳው ጦር ሰፈር ክሊኒክ የምትሠራው ነርስ ሙንተሃ የሽማግሌውን መሐንዲስ ስም አታውቅም፤ ሰው ሁሉ «ኢንጂነር» ነው የሚላቸው። መሬቱ ከተንቀጠቀጠ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ በባጃጅ ይመጣሉ። የማዋለጃ ክፍሉን ግድግዳ፣ እንዳተኮሰው ሕፃን ግንባር፣ በእጃቸው ጀርባ ይዳስሱታል። ግድግዳው አሁንም የሚንቀሳቀስ ከሆነ እንዲያሳብቅበት ስንጥቁ ላይ ጀሶ ለጥፈው ቀኑን ጽፈውበታል፤ ጀሶው ክረምቱን ሳይሰነጠቅ ከወጣ ክፍሉ ይከፈታል፣ ከተሰነጠቀ ግን ይፈርሳል።

«ኢንጂነር፣ ክረምቱም ወጣ፤ ዛሬስ ይፈርዱልናል?»

«ፈራጁ ግድግዳው ነው፤ እኔ አስተርጓሚ ነኝ።»

«እርስዎ ደግሞ! ወላዶቼን እኮ ድንኳን ውስጥ የሐይቁ ነፋስ ፈጃቸው። ቀደም ብለው ‹ደህና ነው› ቢሉን ምን ነበረበት?»

ፈገግታቸው ከፊታቸው ጠፋ። «አንድ ጊዜ፣ ሌላ ሰፈር፣ ቀደም ብዬ ብያለሁ፤ ግድግዳው ሰው ላይ ወደቀ» አሉ።

መነጽራቸውን በኮታቸው ጫፍ ጠርገው ጀሶውን ከላይ እስከ ታች አዩት። እንደ ወተት ነጭ ነው፤ የፀጉር ያህል እንኳ ጭረት የለውም።

«ችሏል፣ የኔ ልጅ። እናቶቹን አስገቢያቸው።»

ሙንተሃ እልል እያለች ወደ ድንኳኑ ስትሮጥ፣ እሳቸው ቀስ ብለው ወለሉ ላይ ተቀመጡ፤ ደክሞት አገሩ እንደገባ መንገደኛ ጀርባቸውን ግድግዳው ላይ ጥለው ዓይናቸውን ጨፈኑ።