ዝንጀሮው፣ ፓይተንና የእኔ ድምፅ

ትናንት ጠዋት ከገነተ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ግርጌ ካለችው የገብስ ማሳዬ ዳር፣ ከልጄ ከስንዱ ጋር ድንጋይ ተገን አድርገን ዝንጀሮ እንጠብቃለን...

ስንዱ ኮምፒውተር ተምራ ላሊበላ ነው የምትሠራው። እናቷ ካረፈች ወዲህ «ብቻዎን ዝንጀሮ ሲያባርሩ ገደል ይገባሉ፤ ማሳውን ለእኩል አራሽ ይስጡና እኔ ጋ ይግቡ» እያለች ትነዘንዘኛለች። እኔ ደግሞ መሬቴን ሌላ ሰው የሚያርሰው ስሞት ነው። በመጨረሻ ተስማማን። ዝንጀሮ ሲያይ የሚጮህ ካሜራ ትሠራልኛለች፤ ካባረረ እቀራለሁ፣ ካላባረረ እገባለሁ።

መጀመሪያ የሠራችው አላባረረም። ከሩቅ ስንሰማው፣ ዝንጀሮው እሸቱን ይዞ ከሄደ በኋላ ነው የሚጮኸው።

«ጥፋቱ የፓይተን ነው» አለች። ለኮምፒውተር ትእዛዝ የሚጻፍበት ቋንቋ ነው አሉ። «ለመጻፍ ይቀላል፤ ሲሠራ ግን ይንቀራፈፋል። በሲ ፕላስ ፕላስ ልጻፈው።»

«ታዲያ መጀመሪያውኑ በፈጣኑ አትጽፊውም ነበር?»

«እሱ ያደክማላ አባዬ! አንዲት ስህተት ካለች ይዞኝ ገደል ነው።»

«ለጭነቱ አህያዋን ተያት፤ ለሚቸኩለው ብቻ በቅሎ ጫኚ።»

«እኛም እኮ እንደሱ ነው የምናደርገው፤ የሚቸኩለውን ክፍል ብቻ በፈጣኑ እንጽፋለን» አለች። ከዚያ ወዲህ ለጎረቤት ሁሉ «ልጄን የማማክራት እኔ ነኝ» ስል ሰነበትኩ።

ዐሥር ቀን ጻፈች። ቤት ውስጥ ለድምፁ ፉጨት አስገብታ፣ እኔን እንደ ዝንጀሮ አቁማ ስትሞክረው፣ እጄን ሳላነሣ ጮኸ።

ትናንት ታዲያ አንድ አውራ ዝንጀሮ ማሳው ላይ ዱብ አለ። የመሣሪያው መብራት ወዲያው ቦግ! ከድምፅ ማጉያው የእኔ ድምፅ ወጣ፤ ያስፈራው ብዬ ገና ከመጀመሪያው ራሴ በስልኬ ቀድቼ የሰጠኋት ነው።

«በስመ አብ... ወወልድ... ወመንፈስ ቅዱስ... አሐዱ አምላክ... አሜን...»

ዝንጀሮው ቀና ብሎ አዳመጠ። ከዚያ ቁጭ ብሎ እሸቱን ይሸለቅቅ ጀመር። «አንተ ሌባ! ውጣ ከማሳዬ!» የሚለው ሲደርስ እሱ ገደሉን ተሻግሯል።

«አባዬ... ዐሥር ቀን እኮ ነው የጻፍኩት!»

«ሥራ ያለ ስመ ሥላሴ ይጀመራል እንዴ?»

«አይጀመርም። እርስዎ ግን ዕቃዎን ይሸክፉ።»

ዛሬ በማለዳ ጸሎቱን ራሴ ማሳው ላይ ቆሜ አደረስኩና፣ ለመሣሪያው ስድቡን ብቻ ተውኩለት። ስንዱም ጥፋቱ የማን እንደነበር ልታይ፣ በእልህ የድሮውን ፓይተን መልሳ ጫነችበት። ዝንጀሮው የመጀመሪያዋን እሸት ሳይቀጥፍ ፈረጠጠ። እኔም ዕቃዬን ፈታሁ።

የዘገየው ማን እንደሆነ ለሰው እንዳትናገር በገነተ ማርያም አስምያታለሁ... እኔ ግን አልማልኩም።