ወዳቂ ይናገራል

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለእናቴ አልተናገርኩም። ለንስሐ አባቴ ስለ ጾም፣ ስለ ቁጣ፣ ስለ ስንፍና ስናዘዝ ኖሬ ይህን ሁልጊዜ እዘለዋለሁ፤ «ሌላስ ልጄ?» ሲሉኝ «ሌላ የለም፣ አባ» እላቸዋለሁ። ዛሬ ለእናንተ፣ ፊቴን ለማታዩት፣ ልጽፈው ነው። ድሮም ፊት ለፊት መናገር አይሆንልኝም።

እንድጽፍ ያስገደደኝ የሰሞኑ ነገር ነው። ልጅ ሳለሁ የታገልኩበት የወጣቶች የትግል ክለብ እዚህ ናይሮቢ የአበሻ ልጆች ያደጉበት ቤት ነው። መሥራቹ ጋሼ ሀብቶም ካረፉ ወዲህ የቀሩት ሰዎች ታሪኩ እንዲጻፍና በመታሰቢያቸው ቀን በአዳራሹ እንዲነበብ ፈለጉ። «አንቺ ዩኒቨርሲቲ ተምረሻል፣ ጻፊልን» አሉኝ። «ደግሞም የክለቡን መቀነት የታጠቀች የመጀመሪያዋ ሴት አንቺ ነሽ፤ ታሪኩ ያንቺም ነው» አሉኝ። እኔም ዝም አልኩ። ዝም ማለት እችልበታለሁ።

ስለ ክለቡ መጻፍ ቀላል ነበር። ጋሼ ሀብቶም አሥመራ ተወልደው አዲስ አበባ ያደጉ ሰው ነበሩ፤ አማርኛቸው ከኛ ከናይሮቢ ልጆች አማርኛ የጠራ ነበር። እዚህ መጥተው ንጎንግ መንገድ ላይ ጋራዥ ከፈቱ። ከጋራዡ ጀርባ ባለው የቆርቆሮ አዳራሽ ወለል ላይ ሰጋቱራ አፍስሰው፣ በላዩ የአሮጌ ጭነት መኪና ሸራ ወጥረው፣ የነጋዴውንና የሾፌሩን ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሰበሰቡ ትግል ማስተማር ጀመሩ። «እነዚህ ልጆች አገራቸውን አያውቁም፣ ቢያንስ አወዳደቅ ይወቁ» ይሉ ነበር አሉ። ዝናብ ሲጥል የቆርቆሮው ጩኸት ንግግር አያሰማም፤ ስለዚህ በእጅ ምልክት ያስተምራሉ። ትንሹ ልጅ ሸራውን ይጠርጋል፣ ትልቁ መጨረሻ ጫማውን ያደርጋል። ይህን ሁሉ ጽፌዋለሁ።

ከሥርዓቱ ሁሉ የሚበልጠውንም ጽፌዋለሁ። ወዳቂ ይናገራል። በክለባችን ዳኛ የለም፣ ፊሽካ የለም። ጀርባው ሸራውን የነካ ራሱ «መሬት» ይላል። ይህን ሲል ጣዩ ይለቀዋል፣ እጁን ሰጥቶ ያነሣዋል፣ በመዳፉም ጀርባውን ይጠርግለታል፤ ሰጋቱራው በሸራው ስፌት እየሾለከ ልብስ ላይ ይጣበቃልና። ሌላ ሰው «ወድቀሃል» ማለት ነውር ነው። ጣዩ አይልም፣ ተመልካች አይልም፣ ጋሼ ራሳቸው አይሉም። «የሰው ጀርባ የራሱ ነው» ይሉ ነበር። ከሌላ ክለብ የሚመጡ የኬንያ ልጆች መጀመሪያ ይስቁብናል፤ ቆይተው እነሱም በአማርኛ «መሬት» ይላሉ።

እዚህ ድረስ ብዕሬ አልተደናቀፈም። የቆመው ሴቶች ከገቡበት ዘመን ስደርስ ነው። ምክንያቱም ሴቶችን ያስገባችው ሊያ ናት። ሊያን ደግሞ ያስወጣኋት እኔ ነኝ።

ሊያ የእትዬ ፀሐይ ልጅ ናት። እትዬ ፀሐይ ኪሊማኒ ባለው የእናቴ ምግብ ቤት ወጥ ቤቱን የሚመሩ ሴት ናቸው። እኛ የባለጸጎቹ ሰፈር ላቪንግተን፣ እነሱ እዚያው ማዶ የድሆቹ ሰፈር ካዋንግዋሬ ይኖሩ ነበር። ከትምህርት ቤት መልስ ሁለታችንም እናቶቻችንን የምንጠብቀው በምግብ ቤቱ ጓሮ፣ የሽንኩርት ጆንያ ላይ ተቀምጠን ነው። እሷ ታወራለች፣ እኔ አዳምጣለሁ። አንድ ቅዳሜ እጄን ይዛ ወደ ጋራዡ ወሰደችኝ። ወንዶቹ በር ላይ ሲስቁብን እሷ ወደ ጋሼ ሀብቶም ሄዳ፣ «ጋሼ፣ ሴት ጀርባ የላትም እንዴ?» አለቻቸው። ሽማግሌው እስኪያስላቸው ሳቁ። «ግቡ፣ ጓለይ» አሉ። በትግርኛ ልጄ ማለታቸው ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለታችንንም እንዲሁ ይጠሩን ነበር።

ክለቡን ወደድኩት። ለምን አልወደው? በሸራው ላይ መናገር አያስፈልግም፤ ከሰው የሚጠበቅብኝ አንዲት ቃል ብቻ ናት። እሷንም ደጋግሜ እላት ነበር፣ ሊያን አሸንፌ ስለማላውቅ። ሁልጊዜ እንደ ሊጥ ስለምትዳምጠኝ በኬንያው ቂጣ ስም ቻፓቲ አለችኝ። «ሳሳ ቻፓቲ፣ መጥበሻው ግሏል» እያለች ወደ ሸራው ትጠራኛለች፤ ሳሳ የናይሮቢ ልጆች ሰላምታ ነው። «መሬት» ስላት አንሥታ ጀርባዬን ትጠርግና «ፖሌ» ትለኛለች፤ በስዋሂሊ ለታመመም ለወደቀም የሚባለውን። በሌላ ሰው አፍ ቢሆን ያናድደኝ ነበር። በሷ አፍ ደስ ይለኝ ነበር።

በዓመቱ መጨረሻ ሁሉንም የጣለ ልጅ የክለቡን አረንጓዴ መቀነት ይታጠቃል። ጋሼ ከኋላው ሆነው ያስሩለታል፤ እስከ ቀጣዩ ዓመት ድረስም ትንንሾቹን የሚያስተምረው እሱ ነው። ሴት ታጥቃው አታውቅም ነበር። ሊያ ግን ከሁሉም በላይ የምትፈልገው ማስተማሩን ነበር። የእናቴን ምግብ ቤት ሳህን አጣቢ ልጆች ሳይቀር ጓሮ ውስጥ አወዳደቅ ታስተምራቸው ነበር። አሥራ ስድስት ዓመት በሆነን ዓመት ወንዶቹ ሁሉ ወደቁ፤ ለመጨረሻው ትግል የቀረነው እሷና እኔ ሆንን። እኔ እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። ሁሉም ያወቀው እሷ እንደምትጥለኝ ነው። እኔም አውቄዋለሁ።

ያን ቀን እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ መጣች። የሴት ልጅ ትግል ያሳፍራት ነበር። ግን መቀነት የሚባል ነገር እንዳለ ስትሰማ ሩንዳ የሚኖሩ ሀብታም ወዳጆቿን ይዛ መጥታ የፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች። እትዬ ፀሐይ ለዝግጅቱ ምግብ ይዘው መጥተው በሩ ሥር፣ ድስቶቹ አጠገብ ቆመው ነበር። እናቴ ልጄን እዩልኝ በሚል ዓይን ስታየኝ አስታውሳለሁ። ይህን ለሰበብ አልነገርኳችሁም። የቆመችውን እናትና የተቀመጠችውን እናት አይቼ እንደነበር እንድታውቁ ነው።

ትግሉ ብዙ አልቆየም። ሊያ ወገቤን ያዘች፣ እግሬን ጠለፈች፣ በግድግዳው በኩል ባለው ጥግ ላይ ጣለችኝ። ጀርባዬ ነካ። ሙሉ በሙሉ ነካ። የስፌቱ ክር ትከሻዎቼ መሀል ሲቆረቁረኝ ይሰማኝ ነበር። እሷ ከላዬ ስለነበረች ከተመልካቹ ማንም አላየም። እና ምን አደረገች መሰላችሁ? እንደ ሁልጊዜው ለቀቀችኝ። «መሬት» እስክል አልጠበቀችም፤ እንደምል ታውቃለቻ። እጇን ዘረጋችልኝ።

እጇን ያዝኩ። ስቤ ጣልኳት።

ይህን አንድ ጊዜ ልድገመው፤ ስንት ዓመት ሙሉ በራሴ ውስጥ «ሸርተት አልኩ፣ አልታወቀኝም» እያልኩ ስለኖርኩ። አልተንሸራተትኩም። ልታነሣኝ የዘረጋችውን እጅ ስቤ ጣልኳት። እሷ በሁሉም ፊት በጀርባዋ ወደቀች፣ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ፣ የእናቴን ጭብጨባ ከሁሉም ለይቼ ሰማሁ።

ሊያ የተጫወትኩ መስሏት ሳቀች። ከዚያ ጀርባዋ ነክቷልና፣ ሥርዓቱ ነውና፣ «መሬት» አለች። ተነሥታ ተቀመጠችና አየችኝ። ጠበቀችኝ። ጭብጨባው ጋብ ሲል ቀስ ብላ «አንቺስ?» አለችኝ።

ዓይን አፋር ስለሆንኩ አፌ ተያዘ ብላችሁ ታዝኑልኝ ይሆናል። አፌ አልተያዘም። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ በሕይወቴ ጮክ ብዬ ከተናገርኳቸው ጥቂት ቃላት አንዱን ተናገርኩ። «አልነካሁም» አልኩ። ተናግሬም ጀርባዬን ወደ ግድግዳው አዞርኩ፣ ሰጋቱራው እንዳይታይ። ጥንቁቅ ነሽ ይሉኛል ሰዎች። አዎ፣ ያን ቀንም ጥንቁቅ ነበርኩ።

ሊያ ወደ ጋሼ ዞራ፣ «ጋሼ፣ ቀድማ ወድቃለች» አለች።

በዚያ ሸራ ላይ እንዲህ ያለ ቃል ተሰምቶ አያውቅም። እኔ ዋሽቼ ነበር፤ ነውር የሠራችው ግን እሷ ሆነች። ሥርዓቱ እንዲህ ነበርና፤ የታመነ ሰው ቢዋሽ ሌላው እውነቱን የሚናገርበት በር የለውም። ይህን እያወቅሁ አፏን ዘጋሁባት። ከወንዶቹ አንዱ «ሊያ ሽንፈት አትችልም» አለ። እናቴ ከወንበሯ ሳትነሣ፣ ድምፅዋንም ሳታነሣ፣ «ፀሐይ፣ ልጅሽ ምን እያለች ነው?» አለች። ይህን ብቻ ነው ያለችው።

እትዬ ፀሐይ የከሰሉን ማራገቢያ ጥለው መጡ። የልጃቸውን ክንድ ይዘው «ይቅርታ በያት» አሏት። ሊያ እናቷን አየች፣ እኔን አየች። ገና እንድናገር ትጠብቅ እንደነበር ዛሬም አልጠራጠርም።

«ይቅርታ፣ ሜሮን» አለችኝ።

እኔም «ችግር የለም» አልኳት።

ከውሸቱም፣ ከመሳቡም ይልቅ ሌሊት የምትቀሰቅሰኝ ይህች ቃል ናት። ይቅር አልኳት። እኔ፣ የወደቅኩት፣ የዋሸሁት፣ በሰው ሁሉ ፊት ደግ መስዬ እሷን ይቅር አልኳት። ለእኔ የሚገባውን ሐፍረት በሷ ላይ ጭኜ፣ በዚያ ላይ ምሕረት አደረግሁላት። ከዚህ የባሰ ምን አለ?

ጋሼ ሀብቶም መቀነቱን ይዘው ከኋላዬ ቆሙ። እጃቸው ወገቤ ጋ ሳይደርስ ቆመ። ከዚያ በመዳፋቸው ትከሻዎቼ መሀል ጠረግ፣ ጠረግ አደረጉኝ። ሰጋቱራው ቁምጣዬ ላይ ሲረግፍ ተሰማኝ። የሚጠረገው የወዳቂ ጀርባ ነው። አወቁ። ግን የሰው ጀርባ የራሱ ነው ያሉት እሳቸው ናቸውና፣ በጆሮዬ «የምትናገሪው አለሽ፣ ጓለይ?» ብቻ አሉኝ። የለኝም በሚል ራሴን ነቀነቅሁ። መቀነቱን አሰሩልኝ። ቋጠሮውን በጣም ቀስ ብለው ነበር ያሰሩት፤ ጊዜ ይሰጡኝ ነበር።

ሊያ ከዚያ ቅዳሜ በኋላ አልመጣችም። ወደ ምግብ ቤቱ ጓሮም አልመጣችም። እኔ ዓመቱን ሙሉ ትንንሾቹን አስተማርኩ። ወዳቂ ይናገራል ብዬ አስተማርኳቸው። ፎቶዬ እስከ ዛሬ በአዳራሹ ግድግዳ ላይ ነው፤ አዳዲስ ሴት ልጆች ሲመጡ ያሳዩአቸዋል።

እትዬ ፀሐይ ዛሬም ወጥ ቤቱን ይመራሉ። «እንዴት አደርሽ፣ የኔ ልጅ» ይሉኛል። አንድ ጊዜ ሽንኩርት እየላጡ፣ «ሊያ ያኔ አሳፈረችኝ፤ አንቺ ግን ቂም አልያዝሽባትም፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ» አሉኝ። አሜን አልኩ። ስሙኝ፣ አሜን አልኩ።

ሊያን ከዓመታት በኋላ ዌስትላንድስ ማታቱ፣ የናይሮቢውን ሚኒባስ ታክሲ፣ ስጠብቅ አገኘኋት። ጊጊሪ ካሉት ቢሮዎች በአንዱ እንግዳ ተቀባይ ሆናለች። ደስ የሚል ጫማ አድርጋ ነበር። ሳሳ ቻፓቲ እስክትለኝ ጠበቅሁ። «ሰላም ነሽ፣ ሜሮን?» አለችኝ፤ እናቴን ጠየቀች፣ ማታቱዋ መጣ፣ ሄደች። ልናገር ነበር ብላችሁ አታስቡ። ማታቱው በመምጣቱ እፎይ ነው ያልኩት።

ጋሼ ሀብቶም በታመሙ ጊዜም ልጠይቃቸው ሄጄ ነበር። ቃል መናገር እየከበዳቸው «ሊያስ?» አሉኝ። «ደህና ናት» አልኳቸው፤ ደህና መሆኗን ሳላውቅ። ዓይናቸውን ከኔ ላይ አልነቀሉም። ከዚያ እጄን ለቀቁና ወደ ግድግዳው ዞሩ። ሲጠብቁኝ ኖረው ሳልናገር ሄዱ። ለሳቸው ከእንግዲህ የማደርሰው ነገር የለም።

ለመታሰቢያው ቀን የተጠየቅሁትን ታሪክ ጨርሻለሁ። መቀነቱን በታጠቅሁበት ዓመት ቦታ የገባው ይህ አሁን ለእናንተ የጻፍኩት ነው። ቅዳሜ በዚያ ቆርቆሮ ሥር፣ በዚያ ሸራ ፊት ቆሜ ራሴ አነበዋለሁ። ሊያን በቴክስት ጠርቻታለሁ፤ አይታዋለች፣ አልመለሰችም። እናቴ የፊት ወንበር ላይ ትኖራለች። እትዬ ፀሐይም ይመጣሉ፤ ከድስቶቹ አጠገብ እንዳይቆሙ ወንበር አስቀምጬላቸዋለሁ። ከዚያ በኋላ «እንዴት አደርሽ፣ የኔ ልጅ» ይሉኝ እንደሆነ አላውቅም። ዝናብ እንዲዘንብ፣ ድምፄም እንዳይሰማ የሚመኝ ልብ ዛሬም በውስጤ አለ። ቢዘንብ እስኪያባራ እጠብቃለሁ።

ይቅርታ አልጠይቅሽም፣ ሊያ። ልጅ ነበርኩ አልልም፣ ዓይን አፋር ነበርኩ አልልም፣ እናቴ ታየኝ ነበር አልልም። ያን ቀን ከአፍሽ የወጣውን ይቅርታ ግን መልሼልሻለሁ፤ የኔ አልነበረም። የመጀመሪያዋ ሴት አንቺ ነሽ።

ጀርባዬ ነክቷል። መሬት።