«ሜራን፤ አንድ በሽተኛ»

ልጅ ሳለሁ፣ በደርግ ጊዜ፣ ከአባቴና ከእናቴ ጋር ጄኔቫ፣ ሜራን በሚባለው ሰፈር ስድስተኛ ፎቅ ላይ እንኖር ነበር። አያቶቼ አዲስ አበባ ስለቀሩ ተረት የሰማሁት ከጎረቤታችን ከጋሼ ወርቁ ነው። ጋሼ ወርቁ ነርስ ነበሩ፤ በሰላማዊ ውቅያኖስ ላይ ባለች ትንሽ የደሴቶች አገር ሦስት ዓመት ሠርተው ተመልሰዋል። ብርድ ሲገባ ማምሻውን እየመጡ መስኮቱ አጠገብ ይቀመጣሉ። ያኔ የምናበራው አንዲቱን የጠረጴዛ መብራት ብቻ ስለነበር ከፊታቸው ይልቅ የሲጋራቸው ፍም ይታየኝ ነበር፤ ጭሱ በመብራቱ ላይ እየተጥመለመለ ሲያልፍ የሚያወሩልኝ ባሕር ከዚያ የሚነሳ ይመስለኝ ነበር።

በዚያ አገር ሐኪሙ አንድ ነው፤ የሚኖረውም ትልቁ ደሴት ላይ። በየትንንሹ ደሴት አንድ ነርስ፣ አንድ የመድኃኒት ሣጥንና አንድ የመገናኛ ሬዲዮ አለ። ጀልባ የምትመጣው ባሕሩ ሲፈቅድ ነው። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት እያንዳንዱ ነርስ በሬዲዮ የደሴቱን ስም ይጠራና ስንት በሽተኛ እንዳለው ይናገራል፤ ሐኪሙ ምን እንደሚደረግ ይመልሳል። ሬዲዮ ያለው ሁሉ ይሰማል።

«ታዲያ ምስጢር የለም?» አልኳቸው።

«የምን ምስጢር! የአንዷን ተቅማጥ ዓሣው ሳይቀር ያውቀዋል» ብለው ሳቁ። «ግን ሳይመሽ ከሌላው ደሴት በታንኳ ደርሶ ‹ምን ትበላለች?› የሚል አይጠፋም።»

ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ እናቴ ልቧን ታማ ሆስፒታል ገባች። ጋሼ ወርቁ ያን ሰሞን ዙሪክ ልጃቸው ዘንድ ሄደው ነበር። አባቴ «ለማንም እንዳትናገሪ» አለኝ። ያኔ ስደተኛው እርስ በርሱ ይፈራራል፤ ማን ለደርግ ኤምባሲ ወሬ እንደሚያቀብል አይታወቅም። ጾመ ነቢያት ስለነበር እናቴ የሆስፒታሉን ምግብ ቅቤ አለበት ብላ ትመልሳለች፤ ጾመኛ ነኝ ለማለት ግን ታፍራለች። አባቴ ወጥ መሥራት ስለማያውቅ የሚወስድላት ደረቅ ዳቦ ነበር። አንድ ቀን እጇን ስታነሳ ቀለበቷ ከጣቷ ወልቆ አንሶላው ላይ ወደቀ። ሦስታችንም አየነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከፈረንጆቹ በተዋስነው ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት፣ ሰው ካፖርቱን እየለበሰ ሳለ ወንበር ላይ ወጣሁ።

«ሜራን! አንድ በሽተኛ! እማዬ ናት። ልቧን ነው። ቅቤ ያለበት አትበላም!»

አባቴ ክንዴን ይዞ አወረደኝ፤ ወደ በሩም ይጎትተኝ ጀመር። ያኔ እትዬ አልማዝ፣ አባቴ ከሁሉ አብልጦ የሚጠረጥራቸው፣ ካሩዥ በሚባለው ሰፈር የሚኖሩ ሴትዮ፣ ወደ እኛ መጡ።

«አንተ ሰውዬ፣ ልጅቷን ምን ትጎትታታለህ? ስንተኛ ፎቅ ላይ ናት የተኛችው?»

በማግስቱ የምስር ሾርባ በቴርሞስ ይዘው ከች አሉ። እናቴ በሐፍረት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እትዬ አልማዝ አልለመኗትም፣ አልተቆጧትም፤ ማንኪያውን ይዘው ዝም ብለው ጠበቁ። ብዙ ጠበቁ። በመጨረሻ እናቴ ዞራ በላች። ከዚያ በኋላ በየቀኑ አንድ ሰው ምግብ ይዞላት ይመጣ ነበር፤ የገና በዓል ሳይደርስ እናቴ ቤቷ ገባች።

አድጌ አግብቼ ዙሪክ ገባሁ። አምና ባለቤቴ ሲታመም «ለሰው አትንገሪ፤ ሲሻለኝ እናወራዋለን» አለኝ። እሺ አልኩት። ስልክ በተደወለ ቁጥር «ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን» እያልኩ ሰባት ወር ብቻዬን አስታመምኩት። አንዳንድ ቀን ሰው በሩን ባንኳኳ እያለ የሚመኝ ይመስል ዓይኑን ወደዚያ ሲጥል አየው ነበር። ሲቀበር የመጣው ሰው ሁሉ «ምነው ብትነግሪን?» አለኝ።

በዘጠኝ ዓመቴ ወንበር ላይ ያወጣኝ ድፍረት የት እንደቀረ አላውቅም። ደክሞኛል፤ መፈለጉም ያደክማል። ከጋሼ ወርቁ ተረት ባሕሩም ታንኳውም ደብዝዘውብኛል፤ የቀረልኝ የመድኃኒት ሣጥኑ ባዶ ቢሆንም እንኳ ጠዋት ተነስቶ ሬዲዮውን የሚከፍተው ነርስ ነው።

እትዬ አልማዝ አርጅተው አሁንም ካሩዥ አሉ። እሑድ እሑድ ይደውሉልኛል።

«እንዴት ነሽ ልጄ?»

«ደህና ነኝ፣ እትዬ።»

አያምኑኝም። ስልኩንም አይዘጉም። ያኔ ማንኪያውን ይዘው እንደጠበቁት፣ ዝም ብለው ይጠብቁኛል።