ወጌሻዋ ወደ ልጇ ስትሄድ

ወጌሻዋ የወዛደሩን ቁርጭምጭሚት ጭኗ ላይ አስተኝታ፣ በሁለት አውራ ጣቶቿ ዘይት እያሸች ወለምታውን ትፈልግ ነበር። ሰውየው በር የሚያህል ትከሻ ይዞ፣ የአልጋውን ጠርዝ እንደ ሕፃን ጨምድዶ፣ "ቀስ እትዬ! እግሬን እንጂ ነፍሴን አልሰጠሁሽም!" ይላል። እሷ ትስቃለች፤ ጣቶቿ ግን አይስቁም። ልክ ቦታው ላይ ሲደርሱ ስለ ሚስቱ አንድ ነገር ጠየቀችው። ሊመልስ አፉን ሲከፍት ቀጭ አደረገችው። ከዚያ በኋላ የወጣው ስድብ ለወረቀት አይሆንም።

"ጨርሰናል። ተነስ፣ አትለግም።"

ሰውየው እያነከሰ ሲወጣ ጨርቅ ነጋዴዋ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ይህች ሴት ከከተማ ከተማ እየዞረች ጨርቅ ትሸጣለች፤ ወሬውን ግን በነጻ ነው የምትመርቀው። ያን ዕለት ወሬዋን ለማውጣት ከንፈሯን ደጋግማ ነከሰች።

"ልጅሽ ናት" አለች በመጨረሻ። "ያው ክንዷ ነው። ባሏ 'እንደ በፊቱ መጥተው ይግጠሟት፣ ቶሎ' ብሎሻል።"

ወጌሻዋ እጇን ጣት በጣት ጠረገች። ያንን ክንድ ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ገጥማዋለች። ሁለቱንም ጊዜ እንዴት ተሰበረ ብላ አልጠየቀችም። ከአባቷ የወረሰችው የሥራዋ ደንብ ነው። የተሰበረ ሰው ሲጠየቅ ያፍራል፤ ያፈረ ሰው ደግሞ ሌላ ጊዜ ቢሰበር ወጌሻ ቤት ከሚመጣ አጥንቱ ተጣሞ ቢቀር ይመርጣል። ስለዚህ ትገጥማለች፣ ታስራለች፣ ዝም ትላለች። ልጇም ዝም ትላለች። አማችየው አመስግኖ፣ እስከ መንገዱ ሸኝቶ ይመልሳታል።

ድልድዩን ጎርፍ ከወሰደው ወዲህ መኪና የለም። ያለው ተራራውን ይዞ የሚዞረው የእግር መንገድ ነው፤ መሐል ላይ ያሳድራል። ለመጠገኛ የሚሆኑ ቀጫጭን እንጨቶች፣ የተተረተረ ጨርቅና የዘይት ጠርሙሷን ቋጥራ ብቻዋን ወጣች።

ተራራው ወገብ ላይ የውሃ ታንከር የሚጠብቅ ዘበኛ አለ። ገና ከሩቅ ሲያያት፣ "ብቻሽን ነሽ እንዴ እትዬ? ወይስ ባልሽን ገደል ጨምረሽው ነው?" ብሎ ሳቀ። ቀዝቃዛ ውሃ ሰጣት፣ ጥላ ያለበት ድንጋይ ላይ አስቀመጣት፣ ከፊቷ ባለው ጫካ ቀማኛ እንዳለም ነገራት። ደግ ሰው መሰላት። እየጠጣች ሳለ ውሻው መጥቶ ጫማዋን አሸተተ። ዘበኛው ፊቱ ሳይለወጥ ዱላውን አንስቶ የኋላ እግሩ ላይ አሳረፈበት። አጥንቱ ሲሰበር ሰማችው። ያንን ድምፅ እሷ ከሌላ ድምፅ ሁሉ ለይታ ታውቀዋለች።

"ምን አደረገህ?"

"እንግዳ አይሸተትም። ያውቀዋል።" ዱላውን ታንከሩ ላይ አስደግፎ ቋጠሮዋን አየ። "ይሄ የወጌሻ እንጨት አይደል? በይ እሰሪው፤ ሥራ አገኘሁልሽ።"

እጆቿ ሳታዛቸው ሄዱ። ውሻው መጀመሪያ ጥርሱን አሳያት፣ ኋላ የእጇን አንጓ ላሳት። የመጨረሻዋን ቋጠሮ ስታጠብቅ ዘበኛው ከበላይዋ ቆሞ ራሱን ይነቀንቃል።

"አቤት እጅ! ስትመለሺም በዚሁ ነሽ አይደል? እንግዲያ ካሁን በኋላ ሳልሳሳ ነው የምመታው።"

ቋጠሮዋን አንስታ መንገዷን ቀጠለች። ቁልቁለቱን ስትወርድ ግን ያቺ ቃል ጫማ ውስጥ እንደገባች ጠጠር ትቆረቁራት ጀመር። ባለፈው የልጇን ክንድ አስራ ስትጨርስ አማቿ፣ "እናትሽ እያለች ምን ያስለቅስሻል?" ብሎ ቀልዶ ነበር። እሷም አብራው ስቃለች።

ቀማኛው የመጣው ከኋላዋ ስለነበር ያወቀችው በምቱ ነው። ጆሮ ግንዷ ጋለ፣ መሬቱ ወደ ፊቷ መጣ።

"ቋጠሮውን ልቀቂ፣ አንቺ አሮጊት!"

"እንጨትና ጨርቅ ነው ልጄ። ምን ያደርግልሃል?"

"ልጄ አትበይኝ!" ጎኗን በጫማው ረገጣት። ባቱን በእጆቿ ይዛ ነከሰችው፤ ደሙ አፏ ውስጥ ጨው ጨው እስኪል አልለቀቀችውም። እሱም አፏን ሲመታ ነው የተላቀቁት። ቋጠሮውን ነጥቆ፣ እያነከሰና እናቱን እየጠራ ዛፎቹ ውስጥ ገባ። ወጌሻዋ ተቀምጣ አንድ ጥርስ መዳፏ ላይ ተፋች፣ አገላብጣ አየችው። "ይህን እንኳ የሚገጥመው የለም" አለች፣ ለማንም ሳይሆን። ከዚያ የጎድን አጥንቶቿን የሌላ ሰው ይመስል አንድ በአንድ ዳሰሰች። ሁለቱ ተሰንጥቀዋል።

ያደረችው እንጨት ለቃሚ ሴትዮ ጎጆ ውስጥ ነው። ሴትዮዋ ፊቷን በሞቀ ውሃ አጠበችላት፣ ያላትን አበላቻት፣ አልጋዋን ለቀቀችላት። ማን መታሽ ግን አላለቻትም። ወጌሻዋ አሁን ትጠይቀኛለች፣ አሁን ትጠይቀኛለች እያለች ነጋባት። ጠዋት ሲሰነባበቱም ሴትዮዋ "አይዞሽ" ብቻ አለቻት። ለካ ሰው ቢጠየቅ ይወዳል! ይህን ያህል ዘመን ስንቱን ዝም ብላ እንደሸኘች እያሰበች ወጌሻዋ ጎኗን ደግፋ ቀሪውን መንገድ ተያያዘችው።

ልጇ ከቤቷ ጓሮ፣ የውሃው በርሜል ጥግ፣ የተሰበረ ክንዷን ታቅፋ ተቀምጣ ነበር።

"እማዬ! ፊትሽን ምን ሆነሽ ነው?"

"መቱኝ። አንቺንስ?"

ልጅቷ እናቷን ከዚህ በፊት አይታት የማታውቅ ይመስል አየቻት።

"መታኝ" አለች።

"በምን?"

"በአካፋ እጀታ።"

በዚህ መሐል ባልየው መጣ። ግንበኛ ነው፤ እጁ እስከ ክርኑ በኖራ ነጥቷል። "እማማ! እንኳን ደህና መጡልን! ይቺ ልጅዎ አጥንቷ ብስኩት ነው መሰለኝ" ብሎ ሳቀ። "ዛሬውኑ ይግጠሟትማ። ይኸው የልብስ ክምር ይጠብቃታል።"

ወጌሻዋ አብራው አልሳቀችም። "እንጨቴን ቀምተውኛል" አለችና ግድግዳው ላይ የተሰቀለችውን ቀጭን ጣውላ አወረደች። ልስን የሚያስተካክልባት ናት፤ የሚሳሳላት፣ ሚስቱ እንኳ እንዳትነካት የከለከላት። ጉልበቷ ላይ አድርጋ ለሁለት ሰበረቻት።

"የሥራ ዕቃዬን! ምን ነካዎት?"

"ክንዷ ቀጥ እንዲል ቀጥ ያለ እንጨት ያስፈልጋል። ለምን መታሃት?"

"እማማ፣ እስካሁን ያከበርኩዎት ይበቃል!"

የመጀመሪያው ጥፊ ከበርሜሉ ጋር አላተማት፤ የተሰነጠቀው ጎኗ ውስጡን ወጋት። ቀኝ እጁን እንደገና ከራሱ በላይ አነሳ። ያንን ትከሻ የተጋቡ ሰሞን ከመወጣጫ ወድቆ ሲወልቅ የመለሰችለት እሷ ናት። አንዴ የወለቀ ትከሻ ለመውጣት ሰበብ ይበቃዋል፤ እጅ ለመምታት ሲነሳ ደግሞ የመገጣጠሚያው በር ገርበብ ይላል። ክርኑን በሁለት እጇ ያዘች፣ ወደ ኋላ ወሰደችው፣ ባላት ክብደት ሁሉ ተንጠለጠለችበት። ቋ! አለ።

ግንበኛው በርሜሉን ይዞ ወደቀ፤ ውሃው ላዩ ላይ ተገለበጠ። እሱ ጭቃው ውስጥ እየጮኸ፣ እሷ ልጇ ፊት ተንበረከከች። ከገመዱ ላይ የእሱን ሸሚዝ አውርዳ በቀሩት ጥርሶቿ ተረተረችው።

"ስለምን ላጫውትሽ?" አለቻት፣ እንደ ልማዷ።

"ዝም ብለሽ ግጠሚው፣ እማዬ።"

ገጠመችው። ልጅቷ አልጮኸችም፤ ለሦስቱም የሚበቃውን ባሏ ይጮህ ነበር። "ስለ እግዚአብሔር እማማ፣ ይመልሱልኝ! የምበላው በእጄ ነው!"

ወጌሻዋ ዞረች። ትከሻው ጠርዝ አውጥቶ አስቀያሚ ሆኗል። ጣቶቿ ሄዱ፤ ብብቱ ሥር ደርሰው፣ የመመለሻውን መንገድ እየዳሰሱ ነበር።

"አዎ፣ እንደሱ… ይባረኩ። ሁለተኛ አይለምደኝም። ደግሞስ እሷንም ይኸው ገጠሟት፣ ምን ጎደለ?"

ጣቶቿ ቆሙ።

"ትከሻ ሰፊ ማሰሪያ ይፈልጋል" አለችው፣ ቀስ ብላ እጇን እየሰበሰበች። "ከጎረቤት ጨርቅ ይዤ ልምጣ። እንዳትነቃነቅ።"

"ቶሎ ይምጡ እንግዲህ!"

ልጇን ደግፋ ወጣች። ጎረቤትየዋ ሁሉንም በአጥሩ ሰምታ ኖሮ፣ ሳትጠየቅ ትልቅ ጨርቅ ይዛ በሯ ላይ ቆማለች። ወጌሻዋ ዘርግታ አየችው፤ ለአንድ ትልቅ ሰው ትከሻ ይበቃል። አጠፈችው፣ የልጇን ክንድ ከአንገቷ አንጠለጠለችበት፣ እንዳይጎረብጣትም ቋጠሮውን ከማጅራቷ ወደ ጎን አደረገችላት።

"እማማ! ጨርቁ አልተገኘም እንዴ?" አለ ከግቢው ድምፁ።

"ይጠራሻል እኮ" አለች ጎረቤትየዋ።

ወጌሻዋ የልጇን ጤነኛ እጅ ይዛ የመንገዱን ጥግ ታጠፈች።