የአማቼ መኪናና የልጄ ጉልበት

አማቼ ስፖንጁን ከሳሙናው ባልዲ አወጣና ጨመቅ አደረገው። አራስ ልጅ የሚያጥብ ሰው እንኳ እንደሱ አይጠነቀቅም። ከመኪናዋ ጣራ ጀመረ። አንድ ጊዜ አሸት ያደርግና ስፖንጁን በሁለተኛው ባልዲ ንጹሕ ውኃ ያለቀልቀዋል፤ ከዚያ እንደገና ወደ ሳሙናው ይመለሳል። ፀሐይ እንዳይነካት ሦስት አንሶላ ገጣጥሞ ሰፍቶ በላይዋ ወጥሮላታል። ጥቁር ሰማያዊዋ መኪና ከመጣች አምስተኛ ሳምንቷ ነው። የሄደችበት መንገድ ቢኖር ከሻጩ ግቢ እስከ እኛ ግቢ ድረስ ብቻ ነው፤ ግን በሳምንት ሁለቴ ትታጠባለች።

አማቼ ልብስ ሰፊ ነው። ደግ ሰው ነው፤ ይኼን ሳልናገር ሌላውን ብናገር ግፍ ይሆንብኛል። መኪናዋን የገዛትም ለልጄ ብሎ ነው፣ ለሚስቱ። ልጄ የሥራ ቦታዋ ደረጃ ላይ ወድቃ ጉልበቷን ቀዶ ጥገና ተደረገላት። ሐኪሙም፣ “በሳምንት ሦስት ቀን እየመጣሽ እግርሽን ካላሠራሽ፣ ጉልበትሽ እንዲህ እንደደረቀ ይቀራል” አላት። ሕክምናው ያለው ከከተማው በወዲያኛው ጫፍ ነው። አማቼ ይኼን ሲሰማ፣ “የኔ ሚስት ክራንች ይዛ አውቶቡስ አትጋፋም!” ብሎ ማለ። መኪናዋ መጣች። ልጄም ክራንቿን ይዛ አውቶቡስ መጋፋቷን ቀጠለች።

“ዛሬስ?” ትለዋለች ጠዋት ጠዋት፣ ቦርሳዋን አንግታ በረንዳው ላይ ቆማ።

“ዛሬማ ሰም ተቀብታለች። ትንሽ ትረፍ።”

“ባለፈው ረቡዕስ?”

“ረቡዕ መንገዱን ቆፍረውት ነበር። አቧራ አዲስ ቀለም ላይ ምን እንደሚሠራ ታውቂያለሽ?”

“እኔ የማውቀው ጉልበቴ ላይ ምን እንደሚሠራ ነው።”

“አንቺ ደግሞ! ለማን ብዬ ነው እንዲህ የምለፋው?”

የሚያሳዝነው፣ ይኼን ሲል ከልቡ ነው።

ጎረቤታችን አውቶቡስ ነጂ ነው። ልጄን ከፊት ወንበር ሰው አስነሥቶ የሚያስቀምጣት እሱ ነው። ሥራ በሌለው ቀን በአጥሩ ላይ አንገቱን ያሰግግና፣ “ሙሽራዋ እንዴት አደረች?” ይለዋል።

“አንተ ምን አለብህ፤ የምትነዳው ቆርቆሮ ነው።”

“ቆርቆሮ ናት፤ የሚያጥባትም ዝናብ ነው። ግን ሚስትህን ታደርስልሃለች!”

ይኼን ጊዜ አማቼ ጎማ ማሸት ይጀምራል።

አንድ ቀን ከሰሙ ጣሳ ጋር የመጣውን ወረቀት አነሣሁ። ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና ስለሆነ አንዲት ቃል አልዘልም። “ልጄ፣ እዚህ ላይ እኮ ‘ሰሙ መኪናዎን በጉዞ ላይ ከአቧራና ከጭቃ ይጠብቃል’ ይላል” አልኩት።

“አዎ፣ እማማ።”

“በጉዞ ላይ ነው የሚለው።”

“እሱ ለሁሉም መኪና በጅምላ የተጻፈ ነው” አለኝ።

በስድስተኛው ሳምንት አውቶቡሱ እየሞላባት ልጄ ሁለት ቀን ቀረች። በሦስተኛው ስትሄድ እግሯን የምታሠራት ባለሙያ የጉልበቷን መታጠፍ ለካችና፣ “ወደ ኋላ ተመልሰሻል” አለቻት። ልጄ እቤት ገብታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። እግሯን ዘርግታ ብቻ ታየዋለች፤ የሌላ ሰው እግር ይመስል።

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር፤ ላመለጧት ቀናት ማካካሻ ቀጠሮ ተሰጥቷት ነበር። አማቼ ፖሊሹን ይዞ ወጣ። እዚህ ላይ አንድ አመሉን መናገር አለብኝ፤ አማቼ ስፒል ማስቀመጫ ኖሮት አያውቅም፤ አጠገቡ ባገኘው ጨርቅ ላይ ይሰካል። መጋረጃ ላይ፣ ትራስ ላይ፣ አንድ ጊዜማ እኔው ትከሻ ላይ ሰክቶ ረስቶኛል። መኪናዋን የሚወለውለው ደግሞ ከሥራ ጠረጴዛው በሚያመጣው የገበር ቁራጭ ነው፤ ከሱ የለሰለሰ ጨርቅ የለም ይላል።

የፊቱን በር በክብ በክብ እያሸ ሳለ አንድ ድምፅ ሰማሁ፤ ጥርስ የሚያፋጭ ድምፅ። እጁን አነሣ። በሩ ላይ ቀለበት በቀለበት የሆነ ነጭ ጭረት አለ።

“ማነው የነካት?” ብሎ ጮኸ።

“ከአንተ ሌላ ማንን ታስጠጋለህ፣ ልጄ?” ብዬ ጨርቁን ተቀብዬ ዘረጋሁት። ስፒሏ በመሃሉ ተጋድማለች።

አማቼ ሦስት ጊዜ ፖሊሽ ቀባ። በሩ አበራ፤ ጭረቱም አብሮ አበራ። ከዚያ ባልዲውን ደፍቶ ተቀመጠበት። ጎረቤታችን በአጥሩ ብቅ አለ፣ አየ፣ ስለ ሙሽራዋ ሳይጠይቅ ተመልሶ ገባ። ለካ እሱም አንጀት አለው።

ልጄ በክራንቿ ቀስ እያለች መጣችና ጭረቱን አየችው፤ ባሏንም አየችው። ትስቅበታለች ብዬ ፈራሁ። እጇን ትከሻው ላይ ጣል አደረገች።

“ቀጠሮዬ አንድ ሰዓት ቀርቶታል” አለችው።

አማቼ ቀና ብሎ መኪናዋን በረጅሙ ተመለከታት። “በቃ፣ አሁንማ ምን ቀራት?” አለና ቁልፉን ሊያመጣ ገባ።

ማታ ሲመለሱ ጭቃው እስከ በሩ እጀታ ደርሶ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ልጄ አንድም ቀጠሮ አላለፋትም። ጉልበቷ መታጠፍ ጀምሯል፤ ትናንት ጫማዋን ራሷ አሠረች።

አማቼ ግን አልተኛም። ሱሪ ሊያሳጥር፣ ዚፕ ሊያስቀይር የመጣውን ሰው ሁሉ፣ “ጥልቅ ጭረት የሚያጠፋ ሰው ታውቃለህ?” እያለ ይጠይቃል። ካገኘ መኪናዋ ተመልሳ አንሶላው ሥር እንደምትገባ አልጠራጠርም። ከእናንተ መካከል እንዲህ ያለ ባለሙያ የሚያውቅ አይጠፋም። እባካችሁ፣ ልጄ ያለ ክራንች ደረጃ እስክትወጣ ድረስ፣ ቢጠይቃችሁ አላውቅም በሉልኝ።