አርባ ስምንት ቁራጭ ሰማይ

የስቱዲዮው ሠራተኞች በሌለችበት «ወይዘሮ ድንጋይ» ይሏታል፤ ባለችበት ደግሞ ዝም ይላሉ።

ስሙ የወጣላት ከሥራዋ ነው። ለውጭ ሥራ መኪና ከመነሳቱ በፊት በር ላይ ትቆምና «ድንጋዩ ሞልቷል?» ብላ ትጠይቃለች። «ባትሪ» ካለች ሰው የእጅ መብራት ይዞላት ይመጣል። ስለዚህ ኃይል የሚያጠራቅመውን ነገር ሁሉ፣ ትንሹንም ትልቁንም፣ ድንጋይ ማለት ለምዳለች። ፊቷም ስሙን አግዞታል። ደንበኛውን ሁሉ «እስቲ ፈገግ በሉ» እያለች ስታነሳ የራሷ ጥርስ አይታይም።

ስቱዲዮው የወንድሟ ነው። በአሥራ ሁለት ዓመት ይበልጣታል፤ ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደጋትም እሱ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብራው ስትሠራ ሲያመሰግናትም ሲያንባርቅባትም «ጋሼ» ነበር የምትለው። «ጋሼ፣ ደንበኛ መጥቷል።» «ጋሼ፣ በሩን ልዝጋ?» ቃሉን የተወችው በአንድ ወረቀት ምክንያት ነው።

አባታቸው ታፔላ ጸሐፊ ነበር። የጻፋቸው ታፔላዎች ዝገው ወድቀዋል፤ የቀረው የአሮጌው ሲኒማ ቤት ጣሪያ ብቻ ነው። አሥራ አንድ ወር የእንጨት መወጣጫ ላይ በጀርባው ተኝቶ፣ የንጋት ሰማይና ከሁለት መቶ የሚበልጡ ወፎች ሣለበት። ቀለሙ ዓይኑ ውስጥ ይንጠባጠብ ነበር። ሥራው ሲያልቅ የግራ ዓይኑ ጠፋ፤ ቀኙም ብዙ አልቆየም። ከመጨረሱ በፊት ግን አንድ ቀን ትንሿን ልጁን አዝሎ ወደ ላይ አወጣት። ከታች የዝንብ ኩስ የሚመስሉት ወፎች እላይ ላባ በላባ የተሣሉ ነበሩ። ይህን ያየችው እሷ ብቻ ናት።

ሲኒማ ቤቱ ሊፈርስ ሲወሰን ባለቤቶቹ «የሠዓሊው ቤተሰብ ተቃውሞ አለው ወይ?» ብለው ጠየቁ። ወንድሟ «የለንም» ብሎ ብቻውን ፈረመ። እሷ ወረቀቱን ያገኘችው ጠረጴዛው ላይ መቀስ ስትፈልግ ነው።

«ማንን ጠይቀህ ነው የፈረምከው?»

«ጣሪያ እኮ ነው። ነቅለን ሳሎን ውስጥ አናስገባው!»

«የአባቴ ሥራ ነው።»

«የአባትሽን ዓይን የበላ ጣሪያ ነው» አለ ከወንበሩ እየተነሳ። «አንቺ ወፍ አየሽ። እኔ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ትምህርቴን ጥዬ፣ ዓይነ ስውር እየመራሁ ልጅ አሳደግሁ። ይፍረስ! አመዱን ባየሁ!»

«አንተ ዓይነ ስውር ነው የምትለው፣ እኔ አባቴ ነው የምለው።»

ወንድሟ ቀና ብሎ አያት። «ጋሼ የምትባለዋን ቃል የት ጣልሻት?»

«ከወረቀቱ ጋር ፈርመህ ሰጠሃት።»

በዚያው ቀን ወጣች። ይዛ የወጣችው የራሷ የነበረውን ትልቁን አሮጌ ካሜራና ወንድሟ አይረባም ብሎ ቁም ሣጥን ውስጥ የጣለውን ዲጂታል ጀርባ ነው። «ጀርባ» የሚሉት ድሮ ፊልም ይገባበት በነበረው የካሜራው ኋላ የሚገጠም፣ መጽሐፍ የሚያህል መሣሪያ ነው። ሠላሳ ሰከንድ ያያል፤ ከዚያ ሠላሳ ሰከንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያየውን ያጣራል። ከስልክና ከትንንሽ ካሜራ የሚያመልጠውን የብሩሽ ጭረት እሱ ይይዛል። ክፉ አመሉ ሆዳምነቱ ነው። የራሱን ድንጋዮች ፋብሪካው መሥራት ካቆመ ቆይቷል፤ የተረፉት ሁለቱ ተጋግዘው ዘጠኝ ፎቶ አንስተው ይሞቱ ነበር፤ እነሱም ስቱዲዮው ቀርተዋል። ስቱዲዮ ውስጥ ኃይል የሚያገኘው ከግድግዳ በገመድ ነበር።

ሲኒማ ቤቱ ውስጥ ግን መብራት ተቆርጧል። ጣሪያው ደግሞ የአባቷ ብሩሽ እስኪታይ ድረስ እንዲነሳ ከተፈለገ አርባ ስምንት ቦታ ተቆራርጦ መነሳት አለበት። የሥራው ተቆጣጣሪ ብዙ ደጅ ካስጠናት በኋላ የፈቀደላት አንድ ጠዋት ነው፤ ቅዳሜ፣ ከሁለት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት። ከሰዓት በኋላ ጣሪያው ይወርዳል።

ለስድስት ሳምንት፣ ጀርባው የሚፈልገውን አሥራ ሁለት ቮልት የሚሰጥ ድንጋይ ስትፈልግ ዞረች። ስልክ ቤት የሚሸጠው ባትሪ አምስት ቮልት ነው፤ ለጀርባው እንደ ምራቅ ነበር። የመሰርሰሪያ ባትሪ አሥራ ስምንት ቮልት ሆኖ ተገኘ፤ ያቃጥለዋል። የሞተር ብስክሌት ጠጋኙ ደግሞ ከተኛበት ሳይነሳ፣ «ለካሜራ?» አላት። «እህቴ፣ ካሜራሽን አስነስተሽ ልትነጂው ነው?» ጎረቤቶቹ ሳቁ። እሷ አልሳቀችም፤ የእሱ ባትሪ ሲያጋድሉት አሲድ እንደሚያፈስ አይታ ሄደች።

በመጨረሻ ኮምፒውተር ጠጋኙ ዘንድ፣ መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተር ከሚያቆየው ሣጥን የወጡ ሁለት ጥቁር ድንጋዮች አገኘች። አሥራ ሁለት ቮልት፣ ድፍን፣ ቢገለበጡ የማያፈሱ፣ እያንዳንዳቸው ከሁለት ኪሎ በላይ። ገመዱን ራሷ በየደች፤ መሣሪያው እንዳይቃጠልባት መሐል ላይ ፊውዝ አስገባች። ቤቷ ውስጥ የራሷን ጣሪያ ደጋግማ እያነሳች ሞከረችው። አንዱ ድንጋይ አርባ ፎቶ ያነሳል። ሁለቱ ከበቂ በላይ ናቸው።

ቅዳሜ ጠዋት በሩ ላይ ዘበኛው አስቆማት። ፀጉሩ የሸበተ፣ ትከሻው ላይ ትልቅ የእጅ መብራት ያንጠለጠለ ሰው ነው።

«ቦርሳው ውስጥ ምንድን ነው?»

«ካሜራ ነው።»

«ካሜራ እንዲህ ትከሻ ያጎብጣል? ሌላስ?»

እጇ በሦስት እግሩ ማቆሚያ ተይዟል፤ ሰዓቱ እየሄደባት ነው። ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት የለመደችውን መለሰች። «ድንጋይ ነው።»

«ምን?»

«ድንጋይ አልኩህ! ሁለት ድንጋይ።»

ባለፈው ሳምንት ከሕንፃው የተባረሩት ባለሱቆች የተቆጣጣሪውን መኪና በድንጋይ ወግረው መስታወቱን አርግፈውታል። ዘበኛው ሬዲዮውን አንስቶ ጮኸ። «ድንጋይ የያዘች ሴት በር ላይ ያዝኩ! ሁለት ናቸው ትላለች!»

ተቆጣጣሪው እየበረረ መጣ። ቦርሳዋን መሬት ላይ ዘረገፈው። ድንጋዮቹ ድንጋይ እንዳልሆኑ ሲያይ እፍረቱ ወደ ቁጣ ተለወጠ።

«ሽቦ የተቀጠለበት ጥቁር ሣጥን! ይሄማ ከድንጋይም ይብሳል።»

«ባትሪ ነው።»

«ቅድም ድንጋይ አልሽ፣ አሁን ባትሪ አልሽ፤ ቆይተሽ ደግሞ ዳቦ ነው ትያለሽ!»

አንድ ሰዓት ሙሉ በላ ልበልሃ ተባባሉ። በመጨረሻ አንዱን ድንጋይ መለሰላትና ሌላውን «እስኪጣራ» ብሎ መኪናው ውስጥ ከተተው። ይዞት ወደ ዋናው ቢሮ ሄደ።

ስትገባ ወንድሟ አዳራሹ ውስጥ ነበር። ባለቤቶቹ ለመዝገብ የሚሆን ፎቶ እንዲያነሳላቸው ቀጥረውታል። ትንሽ ካሜራ ይዟል፤ ሁለት መብራት አቁሟል፤ መብራቶቹን የሚያበራ ጡብ የሚያህል አዲስ ባትሪ እግሩ ሥር አለ። ሰላምታ አልተለዋወጡም።

ወንበሮቹ ተነቅለው ወለሉ ባዶ ሆኗል። በጠመኔ አርባ ስምንት መስቀል አሰመረች፤ ስድስት ረድፍ፣ በየረድፉ ስምንት። ካሜራውን ፊቱን ወደ ላይ አድርጋ በየመስቀሉ ላይ እያቆመች፣ ከፍ ካሉት መስኮቶች በሚገባው ብርሃን ማንሳት ጀመረች። ሠላሳ ሰከንድ ያያል፣ ሠላሳ ሰከንድ ይጨፍናል፤ ታነሳዋለች፣ ታስተካክላለች፣ ደግሞ ሠላሳ ሰከንድ።

«በዚህ አያያዝሽ ፋሲካን እዚሁ ትውያለሽ» አለ ወንድሟ ከወዲያ ማዶ። እሱ ጨርሶ እቃውን ይሰበስባል።

«በጀርባ የተሣለ በጀርባ ነው የሚነሳው» አለች ቀና ሳትል።

አርባኛው ፎቶ ላይ የጀርባው ትንሽ መስኮት ቀይ ሆነ። አርባ አንደኛው መስቀል ላይ አቁማ ስትጫነው ጭልጥ ብሎ ጠፋ። የመጨረሻው ረድፍ ስምንት ቁራጭ ቀርቷል። ሰዓቱ አምስት ተኩል አልፏል፤ ውጭ የማፍረሻው ማሽን ሞተር ሲነሳ ወለሉ ተንቀጠቀጠ።

ወንድሟ ቆሞ አያት። ባትሪውን በእግሩ ገፋ አደረገው።

«ይሄ አሥራ ሁለት ቮልት የሚሰጥ ቀዳዳ አለው» አለ።

«አይቼዋለሁ።»

«አንዲት ቃል ናት። ጋሼ በይና ውሰጂው።»

ወረቀቱ ትዝ አላት። «አንተ መጀመሪያ ፊርማህን ፋቅ» አለችው።

«ድንጋይ!»

«አንተው ነህ ያሳደግከኝ።»

በዚህ መሐል ዘበኛው በሩ ላይ ብቅ አለ። ባትሪ አልቆባት እንደቆመች ከማፍረሻ ሠራተኞቹ ሰምቷል። ከትከሻው ላይ ትልቁን የእጅ መብራት አውርዶ ዘረጋላት። «ባትሪ አጣች አሉኝ። ይኸው ባትሪ።»

ደሟ ፈላ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ድንጋዬን አስቀምተህ አሁን የእጅ መብራት ታመጣልኛለህ? ጨለመብኝ አልኩ?»

«ድንጋይ ስትዪኝ እኮ ድንጋይ መሰለኝ» አለ ዘበኛው እያፈረ። «ምን ላድርግ? ድንጋይን ድንጋይ ነው የምናውቀው።»

ልትመልስለት አፏን ስትከፍት ዓይኗ የመብራቱ ሆድ ላይ አረፈ። ትልቅ ነው፤ ከባድም ነው። ነጥቃ ክዳኑን በቢላዋ ጫፍ ፈለቀቀችው። ከውስጡ ከእሷ ድንጋይ ያነሰ፣ ዘሩ ግን አንድ የሆነ ጥቁር ድፍን ድንጋይ ወጣ። ስድስት ቮልት ይላል።

«ሌላ አለ?»

«የማታው ዘበኛ መብራት አለ። ሣጥኑ ውስጥ ነው።»

«ሩጥ!»

ዘበኛው ሮጠ። ሁለት ስድስት አሥራ ሁለት ነው። የአንዱን ቀይ ሽቦ ከሌላው ጥቁር ሽቦ አገናኘች፤ የተረፉትን ሁለት ጫፎች ከገመዷ ጋር በጥርሷ እየላጠች አሰረች። የጀርባው መስኮት በራ።

አርባ አንድ። አርባ ሁለት። ዘበኛው ሁለቱን ድንጋዮች እንደ ሕፃን አቅፎ ከኋላዋ ይከተላል። አርባ አምስት። ስድስት ሰዓት ሞልቶ ማሽኑ የውጪውን ግድግዳ ነካው፤ አቧራ ብን አለ። አርባ ሰባተኛው ላይ ቆማ ገመዱ ሲወጠርባት፣ ዓይኗን ሳትነቅል እጇን ወደ ኋላ ዘረጋችና ጮኸች።

«ጋሼ! ቶሎ በል፣ ቀረብ በል!»

«አቤት!» አለ ወንድሟ።

ከአዳራሹ ማዶ ባትሪውን አንስቶ ሦስት እርምጃ መጥቷል። ዘበኛው በዚህ በኩል አጠገቧ ደርሷል። ሦስቱም ደነገጡ። የጠራችው ዘበኛውን ነበር።

ወንድሟ ባትሪውን እንደያዘ ቆመ። ፊቱ ቀላ። «ለዘበኛ ጋሼ፣ ለእኔ አንተ!» አለ በቀጭኑ። ከዚያ ባትሪውን ቦርሳው ውስጥ ወርውሮ፣ መብራቶቹን በአንድ እጁ እየጎተተ ወጣ። ጥሪው የእሱ ነው አላለችውም። አይደለም ብላም አላስተባበለችም። ካሜራው ዓይኑን ጨፍኖ ነበር፤ ሠላሳውን ሰከንድ መጠበቅ ነበረባት።

አርባ ስምንተኛው መስቀል ላይ ድንጋዮቹ ሞቱ። እንደገና አራግፋ፣ አሙቃ፣ ጫፎቹን ጠርጋ ሞከረች፤ አልነሱም። ዘበኛው ክንዷን ይዞ በግድ አስወጣት። ከመንገዱ ማዶ ቆመው ጣሪያው ሲወርድ አዩ። ብዙም አልጮኸም።

አሁን የምትኖረው ባንድ ክፍል ቤት ውስጥ ነው፤ ሥራዋም እዚያው ነው። ከአልጋዋ ፊት ለፊት ያለውን ግድግዳ ሙሉውን የሸፈነው አባቷ የሣለው ሰማይ ነው። የወፎቹ ላባ ይቆጠራል። ከታች በቀኝ በኩል አንዲት ቁራጭ ጥቁር ናት።

ከስቱዲዮው ሠራተኞች አንዱ ሊጠይቃት መጥቶ አየው።

«ይቺ እኮ ጋሼ ጋ አለች» አላት። «ያን ቀን በትንሹ ካሜራ አንስቷታል። ደብዘዝ ትላለች እንጂ አለች። ሳያየኝ ገልብጬ ላምጣልሽ?»

«ሌባ አታድርገኝ። ከፈለገ እሱ ይላካት።»

«እሱም እኮ ትጥራኝና እልካለሁ ነው የሚለው።»

«ምን ብላ?»

ሁለቱም ያውቁታል።

ሲሄድ በር ድረስ ሸኘችው። ተመልሳ ጨርቅ አነሳችና ወፎቹን አልፋ የጥቁሯን ቁራጭ አቧራ ጠረገች፤ ቦታዋ እንዳይበላሽ።